ባሕር ዛፍ የጠጣው ውሃ የት ገባ?

ጎጃም ገጠር ያደገ ሰው ስለ ተክል የሚያውቀው በዓይኑ ካየው ነው። ብዙውም ልክ ነው። ተክል የሚጠጣው ውሃ የት እንደሚደርስ ግን አብዛኞቻችን ተሳስተን ነው ያደግነው። እኔም ከነዚህ አንዱ ነበርኩ።

«ባሕር ዛፍ ውሃውን መጥጦ ግንዱ ውስጥ ያስቀምጠዋል።»

መምጠጡ እውነት ነው፣ ማስቀመጡ ግን አይደለም። ማንኛውም ተክል በሥሩ ከሚስበው ውሃ አብዛኛውን፣ ብዙ ጊዜ ከመቶ 95 እጅ በላይ፣ ተን አድርጎ በቅጠሉ በኩል ይለቀዋል። ትምህርት ቤት «ትራንስፓይሬሽን» ብለን የተማርነው ይህን ነው። ውሃው የሚወጣው ስቶማታ በሚባሉ፣ በባዶ ዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ነው። ማየት ከፈለጋችሁ ፀሐይ ባለበት ቀን ቅጠል ባለው የጌሾ ቅርንጫፍ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ፌስታል እሰሩ። አፉን ጥብቅ አድርጉት። ከሰዓት ስትመለሱ ፌስታሉ ውስጡ ረጥቦ፣ ታች ጠብታ አጠራቅሞ ታገኙታላችሁ። እኔ እናቴ ጓሮ ሞክሬው በጣም ነው የገረመኝ።

ታዲያ ባሕር ዛፍ ለምን ተለይቶ ይወቀሳል? ቶሎ ያድጋል። ሥሩ ጥልቅ ይሄዳል። ቅጠሉንም በጋ አያረግፍም። ማሳው ታጭዶ፣ ሣሩ ደርቆ፣ እሱ ብቻ ከሥር እየሳበ ወደ ሰማይ ይልካል። ስለዚህ «ምንጭ አጠገብ ባሕር ዛፍ አትትከሉ» የሚሉ አባቶች ትክክል ናቸው። ምክራቸው ይሰማ።

«ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ሥሩ ነው።»

ዋናው ጉልበት ያለው ላይ፣ ቅጠሉ ጋ ነው። ከጉድጓድ ውሃ ስንቀዳ ገመዱን የምንስበው ከላይ ቆመን አይደል? እዚህ ገመዱ ራሱ ውሃው ነው። የውሃ ቅንጣቶች እርስ በርስ ተያይዘው በግንዱ ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ ይሰለፋሉ። ፀሐይ ከቅጠሉ አንዷን ስታተን ተከታዮቿ ይሳባሉ። የቡሬ ገበሬ የበርበሬ ችግኝ ፀሐይ ሲበርድ ወይም ደመና ሲሆን ቢያዛውር ምክንያቱ ይኸው ነው። ሲነቀል ቀጫጭኑ ሥር ተበጥሷል፣ ቅጠሉ ግን መሳቡን አልተወም። በቀትር የተተከለ ችግኝ ወዲያው አንገቱን ይደፋል።

ሥርም ቢሆን ትንሽ ይገፋል። ሌሊት ቀዳዳዎቹ ሲዘጉ፣ አፈሩ ርጥብ ከሆነ፣ ሥር የገፋው ውሃ በቅጠል ጫፍ ይወጣል። ጠዋት በበቆሎ ቅጠል ጫፍ የምትንጠለጠለዋን ጠብታ ሁሉ ጤዛ የምንላት በስህተት ነው። ጤዛ ቅጠሉን ሙሉ ያለብሰዋል፤ ይህቺ ጫፍና ጠርዝ ላይ ብቻ ናት።

«ዱባው ጠውልጓል፣ ቶሎ ውሃ አጠጡት።»

መጀመሪያ አፈሩን በጣት ንኩ። ሰፋፊው የዱባ ቅጠል በቀትር ከሚስበው በላይ ስለሚያተን ርጥብ መሬት ላይም ይጠወልጋል፤ ማታ ይነሳል። ጠዋትም እንደጠወለገ ካደረ፣ ያኔ ወይ ጠምቶታል ወይ ሥሩ ታሟል።

«በቅጠል የሚወጣው ውሃ ብክነት ነው።»

ይህቺኛዋ ታሳዝነኛለች፤ ምክንያቱም ተክሉ ያለዚህ እህል አይሰጠንም። ምግቡን የሚሠራበትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያስገባው በዚያው ቀዳዳ ነው። በሩን ሲከፍት ውሃው ይወጣል። ቢዘጋው ይራባል። ደግሞም ትነቱ ቅጠሉን ያበርደዋል። የደብር ዋርካ ሥር ቁጭ ብላችሁ፣ ቀጥሎ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቁጭ በሉ። ሁለቱም ፀሐይ ይከልላሉ፤ ቆርቆሮው ግን ግሎ ከላይ ያቃጥላችኋል።

በሩን ቀን ዘግቶ ሌሊት፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ የሚከፍት ተክልም አለ። እሬት እንዲህ ነው። ድንጋያማ ቦታ ላይ በጋውን ያለ ችግር ይወጣዋል። በዚያው ልክ ግን እድገቱ ዝግ ያለ ነው።