«ክሊቭ» ምንድን ነው? የሚሰነጥቅም የሚጣበቅም የእንግሊዝኛ ግሥ

እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የንጉሥ ጄምስ ትርጉም የሚባለው፣ በዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ሰው በሚስቱ «ይጣበቃል» ለማለት «ክሊቭ» የሚለውን ግሥ ይጠቀማል። ምዕራፍ 22 ላይ አብርሃም የመሥዋዕቱን እንጨት ሲሰነጥቅም ግሡ ያው «ክሊቭ» ነው። የአማርኛው መጽሐፍ «ይጣበቃል» እና «ሰነጠቀ» ብሎ ስለለያቸው አያደናግርም። እንግሊዝኛውን የሚያነብ ሰው ግን መጣበቅና መሰንጠቅ እንዴት በአንድ ቃል ይነገራሉ ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ቃሉ ራሱን የሚቃረን ትርጉም አለው» የሚል ነው። እኔ ይህን መልስ አልቀበለውም። ከመነሻው ሁለት ቃላት ነበሩ፤ በጥንታዊው እንግሊዝኛ መሰንጠቅ «ክሌኦፋን»፣ መጣበቅ «ክሊፊያን» ይባል ነበር። ዘመን ሲረዝም ድምፃቸው ተቀራርቦ አንድ ሆነ። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በግእዝ «ሠረቀ» የፀሐይ መውጣት ነው፤ «ሰረቀ» የሌባ ሥራ። በአንደበታችን ሁለቱ አይለዩም፤ በጽሕፈት ግን ንጉሡ «ሠ» እና እሳቱ «ሰ» ድንበራቸውን ይጠብቁላቸዋል። እንግሊዝኛ ለ«ክሊቭ» እንዲህ ያለ መለያ ፊደል አላስቀረለትም።

የመሰንጠቁ «ክሊቭ» ደግሞ ተራ መቁረጥ አይደለም። ግንድን በመጋዝ አግድም መቁረጥ ክሊቭ አይባልም፤ በመጥረቢያ፣ እንጨቱ ባደገበት አቅጣጫ መፍለጥ ግን ይባላል። ነገሩ በተፈጥሮው ሊከፈል በሚችልበት መስመር ይከፈላል። በ1905 በደቡብ አፍሪካ የተገኘው 3,106 ካራት የሚመዝነው የኩሊናን አልማዝም የተከፈለው በዚህ መንገድ ነው፤ በ1908 አምስተርዳም ውስጥ አልማዝ ቆራጩ ጆሴፍ አሸር ቦይ ቀዶበት፣ ስለት አስገብቶ መታው።

ቃሉ ዘመዶችም አሉት። ሥጋ ሻጭ አጥንት የሚሰብርበት ሰፊ ቢላዋ «ክሊቨር» ይባላል። በኦሪት ዘሌዋውያን የሚበላውን እንስሳ ከሚለዩት ምልክቶች አንዱ የሆነው የተሰነጠቀ ሰኮና መጠሪያም ከዚሁ ግሥ የወጣ ነው። ከነጭ ሽንኩርት ራስ የሚፈለቀቀው አንዱ ፍሬም «ክሎቭ» ነው። ቅርንፉድም በእንግሊዝኛ «ክሎቭ» ይባላል፤ ይሁን እንጂ ከመሰንጠቅ ጋር አይዛመድም። ምንጩ ምስማር ማለት የሆነው የላቲኑ «ክላዉስ» ነው፤ ቅርንፉድን አንስቶ ያየ ሰው ምክንያቱን ወዲያው ያገኘዋል።