አድቫንቴጅ ሲደራረብ ምን ይሆናል?

እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ሆነው በዳይስ የሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ) 5ኛ እትም አዲስ የጨዋታ መሪዎችን ከሚያደናግሩ ደንቦች አንዱ አድቫንቴጅ ነው። መሠረቱ ቀላል ነው፤ ሁኔታው ሲመቸው ተጫዋቹ ባለ 20 ገጽ ዳይሱን ሁለቴ ይጥልና ትልቁን ቁጥር ይወስዳል። ሁኔታው የማይመች፣ ማለትም ዲስአድቫንቴጅ ከሆነ ትንሹን።

ግራ የሚያጋባው ሲደራረቡ ነው። ጦረኛዋ መሬት ላይ የወደቀ ጠላት አጠገብ ቆማ ሰይፏን ሰነዘረች እንበል፤ ጠላቱ በዚያ ላይ ዓይኑ ታውሯል። አድቫንቴጅ የሚያሰጣት ምክንያት ሁለት ቢሆንም ሦስተኛ ዳይስ አይጨመርላትም። እሷም ተመርዛ ከሆነስ? መመረዝ በምት ላይ ዲስአድቫንቴጅ ያመጣል። ብዙዎች እዚህ ጋ "ሁለት ለአንድ ነው፣ አድቫንቴጁ ይበልጣል" ይላሉ። አይበልጥም። በሁለቱም ወገን አንድ አንድ እንኳ ካለ ይጣፋሉ፤ የሚጣለው አንድ ዳይስ ብቻ ነው። ይህን ደንብ በጣም እወደዋለሁ፤ መሪውን ውጊያ መሃል ምክንያት ከመቁጠር ይገላግለዋል።

ጥቅሙ ሁልጊዜ እኩል አይደለም። 11 ወይም ከዚያ በላይ ለሚያስፈልገው ተጫዋች ዕድሉ ከ50 ወደ 75 በመቶ ያድጋል። ከ20 በቀር የማያዋጣው ከሆነ ግን ከ5 ወደ 9.75 በመቶ ብቻ ነው። ተጫዋች ጥሩ ዘዴ ሲያመጣ፣ ለምሳሌ ዘበኛው ፊት ላይ አሸዋ ሲበትን፣ አድቫንቴጅ መስጠት የመሪው ሥልጣን ነውና አትሰስቱ፤ ሥራው ከሞላ ጎደል የማይቻል ከሆነ ግን አድቫንቴጁ ብዙም አይረዳውም፣ የሚፈለገውን ቁጥር ራሱን ዝቅ አድርጉለት።