አለን ፔጅ፦ ከመከላከያ መስመር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት

አለን ፔጅ በሚኒሶታ ቫይኪንግስና በቺካጎ ቤርስ ለ15 የውድድር ዘመናት የተጫወቱ የአሜሪካ ፉትቦል የመከላከያ መስመር ተሰላፊ፣ ኋላም ለ22 ዓመታት የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩ ሰው ናቸው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኦገስት 7 ቀን 1945 በኦሃዮ ግዛት ካንተን ከተማ ተወለዱ። በወጣትነታቸው በዚያችው ከተማ ይሠራ በነበረው የፉትቦል የዝና አዳራሽ ግንባታ ላይ በቀን ሠራተኛነት ተቀጥረው ነበር። በ1966 ከኖተር ዳም ዩኒቨርሲቲ ቡድን ጋር የአገር አቀፍ ሻምፒዮን ሆኑ፤ በ1967 በፖለቲካ ሳይንስ ተመረቁ። በዚያው ዓመት ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት ቫይኪንግስ በመጀመሪያው ዙር፣ በ15ኛ ተራ መረጣቸው።

የፔጅን ጨዋታ ለመረዳት የቆሙበትን ቦታ ማወቅ ያስፈልጋል። ታክል የሚባለው ተጫዋች የሚሰለፈው በመከላከያው መስመር መሀል ሲሆን፣ ፊት ለፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ጋርድ የሚባለው የአጥቂው መስመር ተጫዋች አለ። አንድ እጁን መሬት ላይ አስደግፎ፣ ክብደቱን ወደፊት ጥሎ፣ ኳሷን ይመለከታል። ጆሮውን ማመን የለበትም፤ የአጥቂው ቡድን መሪና ኳስ ወርዋሪ የሆነው ኳርተርባክ የጥሪውን ምት እያለዋወጠ ያታልላልና። ኳሷ ሳትነሳ መስመሩን የጣሰ ተከላካይ ቡድኑን 5 ያርድ ያስቀጣል። የፔጅ ትልቁ ሀብት ኳሷ ስትነሳ የሚወስዱት የመጀመሪያ እርምጃ ነበር። ከጋርዱ ደረት ጋር አይላተሙም፤ ሰውየው ተነሥቶ እጁን ሳይዘረጋ በአንድ ጎኑ ትከሻቸውን አሾልከው ያልፉታል። ቁመታቸው 1 ሜትር ከ93፣ ክብደታቸው 111 ኪሎ ገደማ ነበር፤ ለቦታው ከባድ የሚባል ሰውነት አይደለም።

እንዲህ ዓይነቱ ፍጥነት አደጋም አለው። አጥቂው ቡድን ታክሉን ሆን ብሎ ያሳልፈውና ከጎን በሚመጣ ሌላ ተጫዋች ያስመታዋል፤ ትራፕ ይባላል። ኳስ የያዘው ሯጭም ታክሉ በለቀቀው ክፍተት ይገባል። ቫይኪንግስ ለዚህ መፍትሔው ጋሪ ላርሰን ነበር። ላርሰን ቦታውን ሳይለቅ ሩጫውን ይጠብቃል፤ ፔጅ፣ ካርል ኤለርና ጂም ማርሻል ወደ ኳርተርባኩ ይገሰግሳሉ። ሐምራዊዎቹ ሰው በላዎች የተባለው ይህ አራትዮሽ ባለበት በ1969 ቡድኑ በ14 ጨዋታ የተቆጠረበት 133 ነጥብ ብቻ ነው፤ በ1970 143፣ በ1971 ደግሞ 139። እንዲህ ያለ መከላከያ በሊጉ ታሪክ ብዙ አልታየም።

በ1971 ፔጅ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብለው ተመረጡ። ከዜና ወኪሉ ከአሶሺየትድ ፕሬስ ይህን ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያው ተከላካይ እሳቸው ናቸው፤ ከእሳቸው በኋላ ያገኘው ተከላካይም በ1986 ሎውረንስ ቴይለር ብቻ ነው። በተከታታይ 218 ጨዋታዎች ሳይቀሩ ተሰልፈዋል፤ 28 የኳስ ምቶችን አክሽፈዋል፤ 23 የወደቁ ኳሶችን ለቡድናቸው አስመልሰዋል። ኳርተርባክን ኳስ ሳይወረውር በመጣል (ሳክ ይባላል) ግን ቁጥራቸው ያከራክራል። ሊጉ ሳክን በይፋ መቁጠር የጀመረው እሳቸው ጨዋታ ካቆሙ በኋላ በ1982 ስለሆነ አንዳንዱ 173፣ ሌላው 148.5 ይላል። በየትኛውም ቆጠራ ቢሆን ለመሀል ተከላካይ የሚያስደንቅ ነው። ቫይኪንግስ በእሳቸው ዘመን የደረሰባቸውን አራት ሱፐር ቦውሎች (የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታዎች) ሁሉ ተሸንፏል።

ባለቤታቸው ዳያን ማጨስ ለማቆም መሮጥ ስትጀምር ፔጅም አብረው ሮጡ። ክብደታቸው ወደ 100 ኪሎ ወረደ። አሠልጣኙ በድ ግራንት በዚህ ክብደት ቦታውን መያዝ አይችሉም ብለው ስላመኑ ፔጅ በ1978 የውድድር ዘመን መሀል ተሰናበቱ፤ ቤርስም በ100 ዶላር የዝውውር ክፍያ ወሰዳቸው። ግራንት ታላቅ አሠልጣኝ ነበሩ፤ በዚህ ውሳኔ ግን መሳሳታቸውን ቀጣዮቹ ዓመታት አሳይተዋል። ፔጅ በቺካጎ 58 ጨዋታዎች አንድም ሳይቀሩ ተጫውተዋል። በ1979 ማራቶን ሮጠው ሲጨርሱ፣ በሊጉ እየተጫወተ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ሰው ሆኑ።

ሕግን የተማሩት ጫማ ከሰቀሉ በኋላ አይደለም። ቀደም ብለው አንድ የሕግ ትምህርት ቤት ገብተው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አቋርጠው ነበር፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሞክረው በ1978 ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ። ከዚያም በሕግ ድርጅት፣ ቀጥሎም በግዛቱ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሠሩ።

በ1992 ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ለመወዳደር ሲነሡ አገረ ገዥው የነባሩን ዳኛ ዘመን በማራዘማቸው ምርጫው ቀርቶ ነበር። ፔጅ ክስ መሥርተው ረቱ፤ ምርጫው ተካሄደ፣ አሸነፉም። በዚያ ችሎት የተቀመጡ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። በ1998፣ በ2004 እና በ2010 በድጋሚ ተመርጠው፣ በሕግ የተወሰነው የ70 ዓመት ጣሪያ ሲደርስ በ2015 ጡረታ ወጡ።

በ1988 በወጣትነታቸው በሠሩበት የዝና አዳራሽ ስማቸው ሰፈረ። እዚያ ያቀረቧቸው አሠልጣኝ ሳይሆኑ የሚኒያፖሊስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ዊላሪን ቢዝሊ ነበሩ፤ የፔጅ ንግግርም ስለ ትምህርት ነበር። በዚያው ዓመት ከባለቤታቸው ጋር ያቋቋሙት ፋውንዴሽን ነጭ ላልሆኑ የሚኒሶታ ተማሪዎች የኮሌጅ ድጎማ ይሰጣል። በሚኒሶታ ያሉ የኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ልጆችም ሊያመለክቱ ይችላሉ። ድጎማው ግዴታ አለበት፤ ተቀባዩ በየዓመቱ ታናናሽ ልጆችን በትምህርታቸው መደገፍ አለበት። ፔጅ ራሳቸው ትምህርት ቤት ሲሄዱ ልጆቹ ቀድመው የሚያዩት ትንሿን ጣታቸውን ነው። በጨዋታ ደጋግማ ከመጋጠሚያዋ ወልቃ፣ ዛሬ ከሌሎቹ ጣቶች ተለይታ ወደ ጎን ቀጥ ብላ ትወጣለች። ከልጃቸው ከኬሚ ጋር ስለዚህች ጣት የልጆች መጽሐፍ ጽፈዋል።

በ2017 በተማሪዎች ግፊት አንድ የሚኒያፖሊስ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በስማቸው ተሰየመ፤ በ2018 የፕሬዚዳንቱን የነፃነት ሜዳሊያ ተቀበሉ። ባለቤታቸው ያረፉት በዚያው ዓመት፣ ከሜዳሊያው ጥቂት ሳምንታት በፊት ነው።

በ2020 ከሚኒያፖሊስ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ፕሬዚዳንት ኒል ካሽካሪ ጋር ሆነው፣ ጥራት ያለው የመንግሥት ትምህርት የእያንዳንዱ ልጅ መሠረታዊ መብት እንዲሆን የግዛቱ ሕገ መንግሥት ይሻሻል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የመምህራኑ ማኅበር ተቃውሞታል። መንገዱ ቀላል አይደለም። ሐሳቡ በሁለቱም ምክር ቤቶች ካለፈ በኋላ ለሕዝብ ድምፅ ይቀርባል፤ በሚኒሶታ ሕግ ደግሞ ለምርጫው ወጥቶ ያንን ጥያቄ ባዶ የተወ መራጭ እንደ ተቃወመ ይቆጠራል።