ከዊንዶውስ ማሻሻያ በኋላ አልጠፋ የሚል ላፕቶፕ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካበቃ ወዲህ ላፕቶፓቸውን ወደ ዊንዶውስ 11 ያሳደጉ ሰዎች ጎንደር ውስጥ ወደ ጥገና ቤት ይዘውት የሚመጡት አንድ ችግር አለ፤ ሻት ዳውን ሲያደርጉት ስክሪኑ ይጠቁራል፣ የፓወር መብራቱ ግን እንደበራ፣ ፋኑም እየዞረ ይቀራል።

«ስክሪኑ ከጠቆረ ጠፍቷል።»

አልጠፋም። ከፒያሳ ወደ አዘዞ በባጃጅ የሚሄድ ተማሪ እንዲህ ያለውን ላፕቶፕ ቦርሳው ውስጥ ከከተተው፣ ሲደርስ የጋለ ዕቃና የተሟጠጠ ባትሪ ሊጠብቀው ይችላል።

«ማዘርቦርዱ ተበላሽቷል።»

ማዘርቦርድ የላፕቶፑ ዋና ሰሌዳ ነውና ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ግምት ይህ ነው። የማይሆን ነገር አይደለም፤ ሆኖም ችግሩ የጀመረው ከማሻሻያው ማግስት ከሆነ አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት ሶፍትዌሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል አሠራር አለ፤ ይህ ሲበራ ሻት ዳውን የተከፈቱትን ፕሮግራሞች ይዘጋል እንጂ የሲስተሙን እምብርትና የድራይቨሮቹን (ሲስተሙን ከላፕቶፑ ክፍሎች ጋር የሚያግባቡ ፕሮግራሞች) ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያው ያስነሣዋል። አዲሱ ሲስተም ከአሮጌ የቺፕሴት (የማዘርቦርዱን ክፍሎች የሚያገናኝ ቺፕ) ወይም የኢንቴል ማኔጅመንት ኢንጂን (ኢንቴል ባለው ላፕቶፕ ውስጥ ለብቻው የሚሠራ ትንሽ ተቆጣጣሪ) ድራይቨር ጋር ካልተስማማ፣ ኃይል የሚያቋርጠው የመጨረሻው ትእዛዝ ሳይፈጸም ሊቀር ይችላል።

ማጣራቱ ወጪ የለውም። ኪቦርዱ ላይ ሺፍትን ተጭነው እንደያዙ ሻት ዳውን የሚለውን ይንኩ፤ ይህ ፋስት ስታርትአፕን ለዚያች ጊዜ አልፎ ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ እንዲዘጋ ያደርገዋል። መብራቱም ፋኑም ከጠፉ ማዘርቦርዱን የሚያስነካ ምክንያት የለም። ከዚያ በኋላ ኮንትሮል ፓናል፣ ፓወር ኦፕሽንስ ገብተው የፓወር ቁልፎችን ሥራ ከሚወስነው ገጽ ላይ የፋስት ስታርትአፕን ምልክት ያንሡ። ምልክቱ ደብዝዞ አልነካ ካለ፣ ከበላዩ ያለውን፣ የተቆለፉ ምርጫዎችን የሚከፍተውን ጽሑፍ መጀመሪያ ይጫኑ።

«ይህን ማጥፋት ላፕቶፑን ያንቀራፍፈዋል።»

ሃርድ ዲስክ ባለው ላፕቶፕ ላይ መነሻው ረዘም ይላል፤ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ካለው ግን ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። ከተነሣ በኋላ ባለው ፍጥነት ላይ ለውጥ አያመጣም።

«ሻት ዳውን ከሪስታርት የበለጠ ያጸዳል።»

ፋስት ስታርትአፕ በበራበት ላፕቶፕ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ማታ ዘግተው ጠዋት ከከፈቱት በኋላ ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ የሚለውን ቢያዩ፣ «አፕ ታይም» የሚለው ቁጥር ላፕቶፑ ለቀናት ሳይጠፋ እንደቆየ ሲቆጥር ያገኙታል። ሪስታርት ሲያደርጉት ግን ከዜሮ ይጀምራል።

«የፓወር ቁልፉን ይዞ ማጥፋት ምንም አይደለም።»

ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ለ10 ሴኮንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ተገቢ ነው። የዕለት ልማድ ሲሆን ግን ያልተቀመጠ ሥራ ያስጠፋል፣ ፋይልም ሊያበላሽ ይችላል።

«ፎርማት ካልተደረገ አይስተካከልም።»

ይህ ምክር እጅግ ያሳስበኛል፤ ፎርማት ዲስኩ ላይ ያለውን ስለሚያጠፋ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ሌላ ቦታ ያላስቀመጠ ተማሪ ልፋቱን ሁሉ የሚያጣው በዚህ ነው። ከፎርማት በኋላም ያው የማይስማማ ድራይቨር ተመልሶ ሊጫን ይችላል። ትክክለኛው መንገድ የላፕቶፑን ሞዴል ከጀርባው አንብቦ፣ ለዚያው ሞዴል የተዘጋጀውን የቺፕሴት ድራይቨር ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዶ መጫን ነው። በሺፍት ሲዘጋም አልጠፋ ካለ ቀጣዩ የባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ላፕቶፑን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ማሻሻያ ነው፤ እሱ መሐል ላይ ከተቋረጠ ላፕቶፑ ጨርሶ ላይነሣ ስለሚችል፣ መብራት በድንገት በሚሄድበት ከተማችን ባትሪው ሙሉ ሳይሆንና ቻርጀሩ ሳይሰካ መጀመር የለበትም።