«አስፕሪን ከካንሰር ይከላከላል» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

ፋርማሲስት ነኝ። በጣም የሰለቸኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ካንሰር የሚመጣው ሰውነት ሲቆጣ ነው አሉ። አስፕሪን ደግሞ ቁጣውን ያጠፋል። ለእናቴ በየቀኑ የምትውጠው ስጠኝ።» የሚጠይቁኝ ሰዎች እናታቸውን ወደው ነው። ግን ግማሽ እውነት ይዘው ነው የሚመጡት፤ በግማሽ እውነት የተዋጠ መድኃኒት ደግሞ ሰው ይጎዳል። ከትንንሾቹ ልጀምር።

«ስብ ማለት ቦርጭና ኮሌስትሮል ነው።» አይደለም። የሴል ሽፋን ራሱ በአብዛኛው ከስብ የተሠራ ነው። ሴል ሲጎዳ አራኪዶኒክ አሲድ የሚባል ስብ ከሽፋኑ ይለቀቃል። ኮክስ የሚባሉት ኢንዛይሞች ይቀበሉትና ፕሮስታግላንዲን ይሠሩበታል። እግር ሲወለም የሚያብጠው፣ የሚቀላውና የሚጠዘጥዘው በአብዛኛው እነዚህ የስብ መልእክቶች ስለተሰራጩ ነው።

«ካበጠ ኢንፌክሽን ነው፣ አሞክሳሲሊን ስጠኝ።» ወለምታ ውስጥ ባክቴሪያ የለም። አልሰጥም።

«ብግነት ሁሉ ጠላት ነው።» ብግነት ማለት ያ «ቁጣ» የሚሉት ነው፤ የተጎዳ አካል ማበጡ፣ መቅላቱና መጠዝጠዙ። ያለ ብግነት ቁስል አይድንም። ሥራው ሲያልቅ የሚያበርዱት ሬዞልቪን የሚባሉ መልእክቶችም የሚሠሩት ከስብ ነው፤ ዓሣና ተልባ ውስጥ ከሚገኘው ኦሜጋ 3 ከሚባል ስብ። ችግሩ ብግነቱ አልበርድ ሲል ነው። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ጨጓራ ውስጥ፣ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ቫይረስ ጉበት ውስጥ ለዓመታት ሲቀመጡ ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኾ ብግነትና ካንሰር እንደሚገናኙ የጠረጠረው በ1863 እ.ኤ.አ. ነው።

«እንግዲያው ኦሜጋ 3 ልዋጥ።» አሜሪካ ውስጥ ከ25 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ ከ5 ዓመት በላይ ተሞክሯል። እንክብሉ የካንሰርን ቁጥር አልቀነሰም። ተልባችሁን ጠጡ፣ ጥሩ ምግብ ነው። ተልባ እጠጣለሁ ብላችሁ ግን ምርመራ አትተዉ።

አሁን ወደ አስፕሪኑ። እውነቱ ግማሽ የሆነው እንዲህ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ቬን በ1971 እ.ኤ.አ. አስፕሪን ፕሮስታግላንዲን እንዳይሠራ እንደሚያግድ አሳየ፤ በ1982 እ.ኤ.አ. ከሁለት ስዊድናውያን ጋር ኖቤል ተሸለመ። በኋላ ደግሞ ብዙ የትልቁ አንጀት ዕጢዎች ከኮክስ ኢንዛይሞች አንዱን፣ ኮክስ 2ን፣ ከመጠን በላይ እንደሚያመርቱ ታወቀ። ከዚያ የሚወጣው ፕሮስታግላንዲን ኢ2 ዕጢውን በሦስት መንገድ ይረዳዋል፦ ሴሎቹ እንዲባዙ ይገፋፋል፣ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅልላቸው ያደርጋል፣ ሊያጠቋቸው የሚመጡትን የመከላከያ ሴሎች ያዳክማል። ሊንች ሲንድረም በሚባል በዘር በሚተላለፍ ችግር የተነሳ ለአንጀት ካንሰር የተጋለጡ ሰዎች በየቀኑ 600 ሚሊግራም አስፕሪን ለሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ሲወስዱ፣ ካንሰሩ ከዓመታት በኋላ ቀንሶ ታይቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን የታየው እነዚያ ሰዎች ላይ ነው።

እናታችሁ ላይስ? በአውስትራሊያና በአሜሪካ ከ19 ሺህ በላይ ጤነኛ አረጋውያን፣ አብዛኞቹ 70 ዓመት ያለፋቸው፣ ግማሾቹ በየቀኑ 100 ሚሊግራም አስፕሪን፣ ግማሾቹ ባዶ እንክብል ወሰዱ። ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አስፕሪን የወሰዱት ላይ ከባድ መድማት በዛ። በካንሰር የሞቱትም በእነሱ በኩል በለጡ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይህ በጥንቃቄ ይታይ ብለዋል፣ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ግን «ይከላከላል» የሚያሰኝ ነገር የለውም።

የሚደማውስ ለምንድን ነው? የጨጓራን ግድግዳ ከራሱ አሲድ የሚጠብቀውም ፕሮስታግላንዲን ነው። አስፕሪን የዕጢውን መልእክት ብቻ መርጦ አይዘጋም፤ የጨጓራውንም ይዘጋዋል። «ታዲያ መርጦ የሚዘጋ ይሠራ» ለሚሉኝ፣ ተሠርቶ ነበር። ሮፌኮክሲብ ይባላል። አንጀት ላይ ፖሊፕ (ወደ ካንሰር ሊቀየር የሚችል ትንሽ እብጠት) እንዳይመለስ ሲሞከር ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) እና ስትሮክ ስላበዛ በ2004 እ.ኤ.አ. ከገበያ ወጣ።

አንድ ቀን ሰባ ያለፋቸው እናት መጡ። «ልጄ፣ ድካም ድካም ይለኛል፣ ቫይታሚን ስጠኝ።» የታችኛውን የዓይን ቆባቸውን ዝቅ አድርጌ አየሁት፤ ነጭ ነው፣ የደም ማነስ ምልክት። ምን እንደሚወስዱ ስጠይቃቸው ከቦርሳቸው ትልቅ የአስፕሪን ብልቃጥ አወጡ። ልጃቸው ለካንሰር መከላከያ ብላ ከአሜሪካ ልካላቸው ነው። ለጉልበታቸው ሕመም ደግሞ ዲክሎፌናክ ከሌላ ቦታ ይገዛሉ፤ እሱም እንደ አስፕሪን ፕሮስታግላንዲንን የሚዘጋ ማስታገሻ ነው። «እማማ፣ ሰገራዎ ምን ይመስላል?» አልኳቸው። እንደ ሬንጅ ጥቁር ሆኗል አሉ፤ የበሉት ምግብ መስሏቸው ነበር። ቫይታሚኑን ትቼ ያኔውኑ ሆስፒታል ላክኋቸው። ጨጓራቸው ቆስሎ እየደማ ነበር፤ ደም ተሰጥቷቸው ተረፉ።

ውጭ ያላችሁ ልጆች፣ ብልቃጥ ከመላካችሁ በፊት እናታችሁን የሚያያቸውን ሐኪም ጠይቁ። ጨጓራ የሚያማቸው ከሆነ ኤች ፓይሎሪ ይመርመሩ፣ ከተገኘባቸው ይታከሙ። ሄፓታይተስ ቢም ይታይ። በቤተሰባችሁ ውስጥ በወጣትነታቸው የአንጀት ካንሰር የያዛቸው ካሉ ለሐኪም ንገሩ፤ አስፕሪን የሚጠቅመው ምናልባት ለእናንተ ሊሆን ይችላል። አስፕሪንና ዲክሎፌናክ በራሳችሁ አትደባልቁ። ሰገራ ከጠቆረ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ አግኝቷችሁ ወይም የልብ ስቴንት ገብቶላችሁ አስፕሪን የታዘዘላችሁ ደግሞ፣ ይህን አንብባችሁ እንዳታቆሙ። ለእናንተ የታዘዘው ለካንሰር አይደለም፣ ደም እንዳይረጋ ነው። ያለ ሐኪማችሁ ፈቃድ አንድ ቀንም አትዝለሉ።