የቀለም ጥምር ፍለጋ ምንድን ነው?

የምንፈልገው ዕቃ የሚለየው በአንድ ቀለም ሳይሆን ሁለት ቀለሞችን አንድ ላይ በመያዙ ሲሆን፣ ፍለጋው የቀለም ጥምር ፍለጋ ይባላል። ሲሰሙት ቀላል ነው። ዓይንን ግን ያደክማል።

አንድ ቀለም ብቻ ሲሆን ችግር የለም። ጅማ ዙሪያ ቡና የለቀመ ሰው ያውቀዋል፤ በቅጠሉና በጥሬው ፍሬ መሃል የደረሰው ቀይ ቡና ራሱ ዓይን ውስጥ ይገባል። አረንጓዴው ቢበዛም ፍለጋው ያን ያህል አይረዝምም።

አሁን ሐሙስ ሒርማታ ገበያ ናችሁ እንበል። ዝናቡ መጣ፣ ጃንጥላ ሁሉ ተዘረጋ። እህታችሁ ደውላ «ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ቢጫ ጃንጥላ ይዣለሁ» አለቻችሁ። ዙሪያውን ደግሞ ቀይና አረንጓዴ፣ ቢጫና አረንጓዴ ጃንጥላ ሞልቷል። ቀይ ካላችሁ በየቦታው ቀይ አለ፤ ቢጫም እንደዚያው። ሁለቱን የያዘው የእሷ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ ማየት ሊኖርባችሁ ነው፤ ጃንጥላ በተጨመረ ቁጥር ጊዜውም ይጨምራል።

እ.ኤ.አ. በ1980 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አን ትሪስማንና ጋሪ ጌላድ ያቀረቡት ሐሳብ ይህን ያስረዳል። ቀለምን ወይም ቅርፅን ለብቻው ዓይን ባንዴ ይለቅማል፤ ሁለት ባሕርያትን አጋጥሞ ለማየት ግን ትኩረት ያስፈልጋል። በኋላ ጄረሚ ዎልፍና ባልደረቦቹ ነገሩን አለዘቡት። ቀለምና ቅርፅ ሲጣመሩ ሁለቱም ትኩረትን ስለሚመሩ ፍለጋው ይፈጥናል። ቀለም ከቀለም ጋር ሲሆን ግን፣ በ1990 እንዳሳዩት፣ አዝጋሚ ነው።

የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። በ1994 እነዚሁ ተመራማሪዎች ሰዎችን «ቀይና ቢጫ ነገር» ሳይሆን «ቢጫ መስኮት ያለው ቀይ ቤት» አስፈለጓቸው። ፍለጋው ፈጠነ! ቀለሞቹ ሁለት ናቸው፤ አሁን ግን አንዱ የሙሉው ዕቃ፣ ሌላው የክፍሉ ሆኗል። በእኔ ግምት እህታችሁም «መሃሉ ላይ ቢጫ ክብ ያለበት ቀይ ጃንጥላ» የምትል ቢሆን ኖሮ ቶሎ ትገናኙ ነበር።

ዘዴው ለሁሉም ነገር አይሠራም። ለመጠን ይረዳል፤ ለመስመሮች ዘመምታ ግን፣ ሙሉው ወዲህ ክፍሉ ወዲያ ያዘነበለ ዕቃ ስንፈልግ፣ ምንም አልጠቀመም።