በብልቃጥ የሚመጣው ኤሲኢ2፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ኤሲኢ2 በአንጀት፣ በኩላሊት፣ በልብና በሳንባ ሴሎች ገጽ ላይ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። የኮቪድ-19 ቫይረስም ወደ ሴል የሚገባው እሱን ይዞ ነው፤ የቫይረሱ ተቀባይ የሚባለውም ለዚህ ነው። ለምርምር የሚሸጠው የሰው ጂን በሌሎች ሴሎች ውስጥ ገብቶ የተመረተው ነው።

«ሙሉው ተቀባይ ነው።» አይደለም። ሙሉው 805 አሚኖ አሲድ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረተው ግን ከ18ኛው እስከ 740ኛው፣ ከሴሉ ውጭ የሚውለው ክፍል ብቻ ነው። የሴሉ ሽፋን ውስጥ የሚተከለው ክፍል ስለተቆረጠ በውሃ ይሟሟል። ተቀባይ በሌለው ሴል ላይ ብታፈሱት ሴሉን ባለ ተቀባይ አያደርገውም፤ እንዲያውም ቫይረሱን ቀድሞ ይዞ መግቢያ ሊያሳጣው ይችላል።

«ጄል ላይ ከ85 ኪሎዳልተን በላይ ከታየ ተበላሽቷል።» ጄል ፕሮቲኖችን በክብደታቸው (በኪሎዳልተን) ይለያል፤ በሰው ሴል ከተመረተ ግን ስኳር ስለተሸከመ ከ100 እስከ 120 አካባቢ፣ ሰፋ ብሎ ይታያል። ከተጠራጠራችሁ ፒኤንጌዝ ኤፍ በተባለው ኢንዛይም ስኳሩን ቁረጡለት፤ መስመሩ ዝቅ ይላል።

«ቫይረሱን ከያዘ ኢንዛይሙም ይሠራል።» ብዙ ሙከራ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። ኤሲኢ2 ራሱም ኢንዛይም ነው፤ የደም ግፊት የሚጨምረውን ሆርሞን አንጂዮቴንሲን 2ን የሚቆርጠው እምብርቱ ላይ ባለው ዚንክ ነው፤ ቫይረሱ የሚጣበቀው ግን ከዚያ ራቅ ብሎ ነው። ስለዚህ የመቁረጥ ኃይሉን ያጣ ፕሮቲን ቫይረሱን በደንብ ሊይዝ ይችላል። ዚንኩን የሚነጥቀው ብዙ ጊዜ ብረት ነክ ነገሮችን የሚይዘው ኬሚካል ኢዲቲኤ ነው፤ በተዘጋጁ የፕሮቲዬዝ (ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች) ማገጃዎች ውስጥም ስላለ ኢዲቲኤ የሌለበትን ምረጡ። በባፈሩ (ሙከራው በሚካሄድበት ፈሳሽ) ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድም እንደሚቆረጠው ነገር ሥራውን ሊያፋጥን ወይም ሊያዘገይ ይችላል።

«ኤፍሲ ያለውም የሌለውም አንድ ነው።» ኤፍሲ ከፕሮቲኑ ጋር የሚቀጠል የፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) ጭራ ነው። ኤፍሲ ያለው ጥንድ ሆኖ በሁለት እጁ ስለሚይዝ ጥብቀቱ ከእውነቱ በላይ ይታያል። እስከ 740 ያለውም ራሱ ይጣመራል። የአንድ ለአንድ ጥብቀት ለመለካት እስከ 615 ያለውን ውሰዱ። ኤፍሲ ያለውን ከተጠቀማችሁ ኤፍሲውን ብቻ እንደ ማነጻጸሪያ አስገቡ።

«ዱቄቱን በኃይል መነቅነቅ ቶሎ ያሟሟዋል።» ፕሮቲኑ የሚመጣው ደርቆ በዱቄት መልክ ሲሆን፣ ሲነቀነቅ የሚፈጠረው አረፋ የፕሮቲኑን ቅርጽ ያበላሸዋል። ዱቄቱ ክዳኑ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ከመክፈታችሁ በፊት ለ30 ሰከንድ ያህል በሴንትሪፊውጅ አውርዱት። አምራቹ ሌላ ካላዘዘ፣ ለ100 ማይክሮግራም 200 ማይክሮሊትር ንጹሕ ፒቢኤስ (ጨዋማ ባፈር) ስትጨምሩ በሚሊሊትር 0.5 ሚሊግራም ይሆናል። ለ20 ደቂቃ ያህል ይቀመጥ፤ ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት። ከ20 ማይክሮሊትር በማያንስ መጠን ከፋፍላችሁ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ አስቀምጡ፤ አንዴ የቀለጠውን መልሳችሁ አታቀዝቅዙ።

ሲቀጥን ፕላስቲክ ላይ እንዳይቀር 0.1 በመቶ አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ይጨመራል። ባዮቲን (እንደ መለያ የሚለጠፍ ትንሽ ሞለኪውል) ልትለጥፉበት ካሰባችሁ ግን አልቡሚንም ትሪስ የተባለው ባፈርም አይግቡ፤ ባዮቲኑን ይሻሙታል።

«95 በመቶ ንጹሕ ከሆነ ለማንኛውም ይሆናል።» ያ ቁጥር የሌሎች ፕሮቲኖችን ቅሪት እንጂ ኢንዶቶክሲንን (የባክቴሪያ ግድግዳ መርዝን) አይለካም። በበሽታ መከላከያ ሴሎች ላይ ከመጨመራችሁ በፊት የኢንዶቶክሲኑን መጠን ለብቻው እዩ፤ አለዚያ ሴሎቹ የሚቆጡት በኤሲኢ2 ይሁን በባክቴሪያ ቅሪት አይለይም።